አንቺስ ራስሽ ትቀመጫለሽ?

የማስተምረው ሜዲቴሽን ነው፤ እኛ «መቀመጥ» እንለዋለን። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ዋጋ፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ልብስ ነው። ምን ልልበስ፣ ምንጣፍ ይዤ ልምጣ ወይ፣ ወገቤን ያመኛል፣ ይከብደኝ ይሆን? ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ደፈር ያሉት ብቻ የሚጠይቁትን ነው። «ቆይ፣ አንቺስ ራስሽ ትቀመጫለሽ?»

አዎ፣ እቀመጣለሁ። በየቀኑ።

ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም። የሥራዬ ትልቁ ክፍል እሱ ስለሆነ ነው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ለእኛ ሙያ የተነገረ ይመስለኛል። በዌልነስ ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች፣ ዮጋ የምናስተምረው፣ ማሳጅ የምንሠራው፣ በአመጋገብ የምናማክረው፣ ስለ ጭንቀትና ስለ እንቅልፍ ከሰው ጋር የምናወራው፣ ቀኑን ሙሉ «እረፍ፣ ተንፍስ፣ ለራስህ ጊዜ ስጥ» ስንል እንውላለን። ከዚያ የራሳችን ዕረፍት ሁሌ ለነገ ይተላለፋል። ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ወሬያችን ይሄው ነው። ሁሉም ደክሟል። ሁሉም ሌላውን ሰው ያሳርፋል።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤያለሁ፣ አቋሜም ግልጽ ነው። ሜዲቴሽን የሚያስተምር ሰው መጀመሪያ ራሱ መቀመጥ አለበት። ስሙን ለማስጠራት ወይም ምሳሌ ሆኖ ለመታየት ብሎ አይደለም። ደንበኛው ቃላችንን ከመስማቱ በፊት አተነፋፈሳችንን፣ ትከሻችንን፣ እሱ ሲያወራ ዓይናችን የት እንደሚሄድ ያያል። ያንን ደግሞ ከአንገት በላይ ማድረግ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ይህን ነገር ሳስብ ሁሌ ትዝ ይለኛል። አትላንታ ውስጥ ነው የተሠራው፣ በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ። ተራ እየጠበቁ ለነበሩ 131 ታካሚዎች አጭር ቪዲዮ አሳዩአቸው። አንዲት ሐኪም ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ትመክራለች። ቪዲዮው ግን ሁለት ዓይነት ነበር። በአንደኛው ምክሯን ብቻ ትናገራለች። በሌላኛው ግማሽ ደቂቃ ያህል ጨምራ እሷ ራሷ ምን እንደምትበላና ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደምትሠራ ትናገራለች፤ ጠረጴዛዋ ላይም አንድ ፖምና የብስክሌት ሄልሜት ይታያል። በቃ ልዩነቱ ይሄ ነው። ሁለተኛውን ያዩት ታካሚዎች ሐኪሟን ይበልጥ ጤነኛ፣ ይበልጥ የምትታመንና ይበልጥ የምታነሳሳ አድርገው አገኟት።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ጥናቱ የለካው ታካሚዎቹ ስለ ሐኪሟ የተሰማቸውን እንጂ፣ ቤታቸው ሄደው አመጋገባቸውን ስለ መለወጣቸው አይደለም። ቢሆንም እኔን የገረመኝ የግማሽ ደቂቃዋ ነገር ነው። ረጅም ስብከት አላስፈለገም። «እኔም እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል አጭር ቃልና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እውነተኛ ዕቃ በቂ ሆነ።

ከዚህ የሚበልጥብኝ ግን የጀርመኑ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ነው። ገና ሥልጠና ላይ ያሉ 18 ሳይኮቴራፒስቶች፣ ማለትም በንግግር የሚያክሙ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ነበሩ፣ የሚከታተሏቸው ደግሞ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ 124 ሰዎች። ሠልጣኞቹ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ዜን የሚባለውን የቡድሂዝም ሜዲቴሽን ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም። ታካሚዎቹ የትኛው ቴራፒስት እንደሚቀመጥ አያውቁም። ከ9 ሳምንት በኋላ ሲታይ፣ የሚቀመጡት ቴራፒስቶች ታካሚዎች የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል።

ልብ በሉ። ታካሚዎቹ ሜዲቴሽን አልተማሩም። ማንም ስለ ሜዲቴሽን አልነገራቸውም። የተቀመጠው የሚያክማቸው ሰው ነው። ትንሽ ጥናት ነው፣ 18 ባለሙያ ብዙ አይደለም፣ በአንድ ጥናት ዓለምን መደምደም አይገባም። እኔ ግን በሥራዬ ከማየው ጋር በጣም ስለሚገጥም ደጋግሜ አነሳዋለሁ።

አሁን ስለ እኔ መቀመጥ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ሰው ሜዲቴሽን ሲባል የሚስለው ነገርና እውነተኛው ነገር በጣም ይራራቃሉ።

ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ። ፊቴን እታጠባለሁ። ስልኩ ሳሎን ነው የሚያድረው፣ መኝታ ቤት አይገባም፤ ይሄን አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ሰው ራሱ ግማሽ መንገድ ሄዷል ባይ ነኝ። ከዚያ ጋቢዬን አራት አጥፌ መሬት ላይ አደርግና ጫፉ ላይ እቀመጣለሁ። ጫፉ ላይ የምለው በምክንያት ነው። መቀመጫችን ከጉልበታችን ትንሽ ከፍ ሲል ዳሌያችን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ወገባችን ሳይታገል ቀጥ ይላል። ጠፍጣፋ መሬት ላይ እግሩን አጣምሮ ለመቀመጥ የሚታገል ሰው ጥቂት ቆይቶ ጀርባው ይጎብጥና ጉልበቱን ያመዋል፤ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይነሳል። ጉዳዩ ግን የጋቢ ጉዳይ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ደግሞ ወንበር ላይ ይቀመጥ። እግሮቹ መሬት ይንኩ፣ ጀርባው ድጋፉን ለቀቅ ያድርግ። ከወንበሩ የሚጎድል ነገር የለም።

ከዚያስ? ከዚያ እተነፍሳለሁ፣ እቆጥራለሁ። ሳስወጣ አንድ፣ ሳስወጣ ሁለት፣ እስከ አሥር። አሥር ስደርስ እንደገና አንድ። ውጭ ሰፈሩ ይነቃል። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል፣ አዛኑ ይሰማል፣ ውሾች ይጮኻሉ፣ ጎረቤት የብረት በሩን ይከፍታል፣ የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ይላል። ዝምታ የሚባል ነገር አዲስ አበባ ውስጥ የለም፣ አያስፈልግምም። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ወደ ቁጥሬ እመለሳለሁ።

ሐሳቤም ይሄዳል። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ትናንት አንዲት ጓደኛዬ የተናገረችው ነገር። ሦስት ላይ ጠፍቼ፣ የት እንዳለሁ ሳውቅ ምሳ ምን እንደማበስል ጨርሼ ወስኛለሁ። ይሄ የሁላችንም ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ የሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ 2,250 ሰዎችን በስልካቸው በተለያየ ሰዓት እየጠየቀ፣ ሰው ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ 46.9 በመቶ የሚሆነውን ሐሳቡ ከሚሠራው ነገር ውጭ እንደሚያሳልፍ አግኝቷል። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ሜዲቴሽን ሐሳብ አለመኖር አይደለም። መሄዱን ማወቅና ራስን ሳይሳደቡ መመለስ ነው። ሥራው መመለሱ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ብዙ ጊዜ ሄዶ ብዙ ጊዜ የተመለሰ ሰው፣ በደንብ ሠርቷል ማለት ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ መናገር ይቻላል። ግን አንዲት ደንበኛ ዓይኗን ከፍታ «እኔ አልቻልኩም፣ ሐሳቤ አይቆምም፣ ተበላሽቻለሁ መሰለኝ» ስትለኝ፣ «የእኔም ዛሬ ጠዋት አልቆመም» ብዬ ስመልስላትና ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ስነግራት የሚሆነው አንድ አይደለም። የመጀመሪያውን ስትሰማ ፊቷ ይፈታል። አይቼዋለሁ። በምላስ ብቻ የሚያውቅ ሰው «አትጨነቂ፣ ቀስ በቀስ ይቆማል» ይላታል፤ እሷም የማይመጣ ነገር ስትጠብቅ ትከርማለች።

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ሰኔ ነበር። ሒሳብ የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ሰኔ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የበጀት ዓመት የሚዘጋበት ወር ነው፣ ከሰኔ 30 በፊት የሒሳብ ክፍል ሰው እንቅልፍ የለውም። አንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ከሥራ ቀጥታ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ስታወራ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ አየር ያልቅባትና በአፏ ትስባለች። ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ደርሷል። እጇን ሳየው አውራ ጣቷን በሌሎቹ ጣቶች ውስጥ ጨብጣዋለች፣ እንደ ሕፃን።

ምንም አላልኳትም። ፊት ለፊቷ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ አንድ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እየሰማኋት መተንፈስ ቀጠልኩ። ሳስወጣ ረዘም እያደረግኩ። እያወራች እጄን አየችው። ትንሽ ቆይታ ቦርሳዋን አወረደች። ከዚያ ሳላዛት የራሷን እጅ ሆዷ ላይ አደረገች። ወሬዋ እየቀዘቀዘ መጣ። በመጨረሻ «እፎይ» አለች፣ አውራ ጣቷም ወጣ። ያኔ ነው «አሁን የሠራሽው ምን እንደሆነ ላስረዳሽ» ያልኳት።

የሆነው ይሄ ነው። ጤነኛ ሰው ቁጭ ብሎ ሲያርፍ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ስንጨነቅ እየፈጠነ ከሆድ ወደ ደረት ይወጣል። አየር ስናስገባ የልብ ምታችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይቀንሳል። ይሄን የሚያደርገው በዋናነት ቬገስ የሚባለው፣ ከአንጎል ተነስቶ ልብን፣ ሳንባንና ሆድን የሚያገናኘው ነርቭ ነው። ስለዚህ ማስወጣቱን ስናረዝም ልባችን ቀስ የሚልበትን ጊዜ እያረዘምን ነው። ለምሳሌ በአራት ሰከንድ ማስገባት፣ በስድስት ሰከንድ ማስወጣት፤ ይሄ በደቂቃ ወደ ስድስት ትንፋሽ ይመጣል፤ በአተነፋፈስ ላይ በተደረጉ ብዙ ጥናቶች ውስጥም ይሄ ፍጥነት ነው የሚሠራበት። ራሱን የሚያዞረው ሰው ቁጥሩን ይቀንስ። ትንፋሽ ይዞ መቆየት የለም፣ መታገል የለም።

ከሰው ጋር ስንቀመጥ ደግሞ የሰውነታችን ፍጥነት መጋባቱን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። የተቆጣ ሰው ቤት ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይረበሻል፤ ረጋ ያለች እናት ለቅሶ ቤት ስትገባ ሰው ሁሉ ቦታ ይለቅላታል። እኔ ያንን ዕለት ከውጭ ብቻ ረግቼ፣ ውስጤ ግን «ቀጣዩ ደንበኛ ደረሰ፣ ቶሎ በጨረሰች» እያለ ቢሆን ኖሮ እጄ ሆዴ ላይ መሆኑ ምንም አይፈይድላትም ነበር። ጠዋት ጋቢዬ ላይ የምለማመደው ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰው ፊት ስቀመጥ ሐሳቤ መሄዱን ቶሎ እንዳውቅና እንድመለስ።

ሌላው ትዝ የሚለኝ አንድ ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፣ ዘመናቸውን በጅቡቲ መንገድ ያሳለፉ። ደም ግፊት አለባቸው፣ ልጃቸው ናት ጎትታ ያመጣቻቸው። ገብተው ዙሪያውን አዩና «ልጄ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ መቀመጥ ካማረኝ ቤቴ አልጋ አለኝ» አሉ። ልክ ናቸው። አልተከራከርኳቸውም። «ጋሼ፣ እርስዎ ዓይንዎን አይጨፍኑ፣ እኔ እቀመጣለሁ፣ ሻይዎን ይጠጡ» አልኳቸው። ተቀመጥኩ። እሳቸውም ሻያቸውን ጠጡ። በቀጣዩ ጊዜም እንዲሁ። ሦስተኛ ላይ ይመስለኛል፣ እኔ ዓይኔን ስከፍት የእሳቸው ተጨፍኗል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደ መሪ የያዙ ሆኖ አርፏል። ዛሬ ለቡድኑ በጣም ታማኙ እሳቸው ናቸው። ለሌሎቹ «ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ መንገዱ ራሱ ይወስድሃል» ይሏቸዋል። እኔ ከማስተምረው እሳቸው የሚያስተምሩት ይሰማል።

ለእሳቸውም ለሁሉም የምለውን እዚህ ልድገመው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሜዲቴሽን ምክንያት አንድም ክኒን አይተውም። ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። ይህን ደጋግሜ የምለው፣ በእኛ ሙያ ስም «መድኃኒት ጣሉ፣ ተፈጥሮ ይበቃል» የሚሉ ሰዎች ስላሉ ነው። ይህን ዓይነት ንግግር ስሰማ በእውነት እናደዳለሁ። ሰው ይሞታል በዚህ።

ምሳሌ መሆን ስል ደግሞ ምን ማለቴ እንዳልሆነ ልናገር። እንጦጦ ላይ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ እግር አጣጥፎ፣ ፀሐይ ስትወጣ ፎቶ ተነስቶ ፖስት ማድረግ ማለቴ አይደለም። ፎቶ ኃጢአት አይደለም፣ ሰው ሥራውን ማስተዋወቅ አለበት፣ እኔም አደርጋለሁ። ነገር ግን ሁሌ ፈገግ ያለ፣ ሁሌ የረጋ፣ የማይናደድ ሰው መስሎ መታየት ደንበኛን ይጎዳል። እቤቱ ልጁ ላይ ጮኾ የመጣ አባት እንዲህ ያለውን ሰው ሲያይ «እኔ ከዚህ ዓለም አይደለሁም» ብሎ ያስባል። ተስፋ ይቆርጣል።

አክስቴ ያረፈችበትን ሳምንት አስታውሳለሁ። ያሳደገችኝ ሴት ናት። ሠልስት አውጥቼ ወደ ሥራ ስመለስ ዓይኔ አብጧል፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ድምፄ ተዘግቷል። አንድ ጓደኛዬ «እንዲህ ሆነሽ አትግቢ፣ ሰዎቹ ለመረጋጋት ነው የሚመጡት» አለችኝ። ለእኔ አዝና ነው። እኔ ግን ገባሁ። ለቡድኑ «ዛሬ አዝኛለሁ፣ አክስቴ አርፋለች፣ አብረን እንቀመጣለን፣ እንባ ከመጣ ይምጣ» አልኩ። ከዚያ ተቀመጥን። እንባዬ መጣ። አልጠረግኩትም፣ አላቆምኩትም፣ ወደ ትንፋሼ ተመለስኩ፣ እንደገና መጣ፣ እንደገና ተመለስኩ። ስንጨርስ «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ፣ አንዷ ከኋላ መጥታ አቀፈችኝ። በሳምንቱ ሦስት ሰዎች በተለያየ ጊዜ መጥተው ለማንም ያልነገሩትን የየራሳቸውን ሐዘን አወሩኝ። አንዱ ሰው ከወንድሙ ሞት በኋላ ማልቀስ እንዳልቻለ ነገረኝ፤ ከዚያ በፊት ብዙ ወራት አብረን ተቀምጠናል፣ ስለ ወንድሙ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም ነበር።

ሐዘን እያለ መቀመጥ እንደሚቻል በቃል ስነግራቸው ከርሜ ነበር። ያዩት ግን ያን ቀን ነው።

ስለ ሃይማኖት የሚጠይቁኝም ብዙ ናቸው፣ ጥያቄውን ከልቤ አከብረዋለሁ። «ይሄ ነገር እምነቴን አይነካብኝም?» ይላሉ። የእኔ ቡድን ውስጥ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት አለ። እኛ የምናደርገው ትንፋሽን ማስተዋል ነው፤ ማንም የማያምንበትን ቃል እንዲል፣ ለማንም እንዲሰግድ አይጠየቅም። እምነቱ የሚከለክለው የመሰለው ሰው ደግሞ የንስሐ አባቱን፣ ኡስታዙን፣ ፓስተሩን ይጠይቅ፤ እኔ በዚህ ላይ ፈራጅ አይደለሁም። ጸሎትን እንደማይተካም እነግራቸዋለሁ። መቁጠሪያ ይዛ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የምትል እናት፣ ከሶላት በኋላ ሙስበሃውን ይዞ ዚክር የሚያደርግ አባት፣ ቀልብን መሰብሰብ ምን እንደሆነ ከእኔ አይማሩም። የሚፈልጉትና የሚጠሩት ሌላ ነው፣ ያንን ከእኔ ሥራ ጋር አልቀላቅለውም። ግን ሐሳብ ሲሄድ የመመለስን ትዕግሥት ያውቁታል። አያቴ ታውቀው ነበር።

እግረ መንገዴን፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። ዮጋ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው፣ ኅዳር 2009 ዓ.ም.። የገዳ ሥርዓት የተመዘገበውም በዚያው ስብሰባ ላይ ነው።

በጾም ወቅት ደግሞ ፕሮግራማችንን እናስተካክላለን። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አሉ፤ በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ ውሃ እንኳ የማይቀምሱ አሉ። በባዶ ሆድ ፈጣንና ኃይለኛ አተነፋፈስ ራስ ያዞራል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት እሱን ትተን ለስለስ ያለውን ብቻ እንሠራለን። እኔም ስጾም ምን እንደሚሰማኝ ስለማውቀው ነው ይህን የወሰንኩት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ሜዲቴሽን ምን ያህል ይሠራል? የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 47 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል፣ በጠቅላላው ከ3,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው። ለጭንቀት፣ ለድብርትና ለሕመም ስሜት መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አገኙ። መጠነኛ። ተአምር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን የ8 ሳምንት የሜዲቴሽን ሥልጠና ሰጣቸው፣ ግማሾቹን ኤስሲታሎፕራም የሚባለውን የታወቀ መድኃኒት። በ8 ሳምንቱ መጨረሻ የሁለቱ ውጤት ተቀራረበ። ይሄ ትልቅ ዜና ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን እዚያ የተሰጠው ሥልጠና በሳምንት አንድ ጊዜ የሁለት ሰዓት ተኩል ትምህርት፣ አንድ ቀን ሙሉ ልምምድ፣ በየቀኑም 45 ደቂቃ የቤት ሥራ ያለው ነው። አንድ ቪዲዮ አይቶ «ሞክሬው አልሠራም» ማለት ያንን አይተካም።

ሥልጠናው ኤም ቢ ኤስ አር ይባላል፣ በማስተዋል ጭንቀትን መቀነስ እንደ ማለት ነው። ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጀመረው፤ መጀመሪያ የመጡት ሐኪም ቤት ብዙ ተመላልሰው ሕመማቸው ያልለቀቃቸው ሰዎች ነበሩ። ስለ አስተማሪ ያለውን ደንብ እወደዋለሁ፤ አስተማሪ የሚሆን ሰው የራሱ የዘወትር ልምምድ ሊኖረው፣ ዝምታ የሚጠበቅበት የብዙ ቀን ቆይታም ሊያልፍ ይገባል። ደንቡ ለክብር የወጣ አይደለም። ሰውን ወደ ውስጡ እንዲያይ የሚጋብዝ ሰው፣ እዚያ ውስጥ ምን ሊመጣ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ምክንያቱም ሁሌ ሰላም አይመጣም። ጦርነት ያየ ሰው፣ የተደፈረች ሴት፣ ከስደት የተመለሰች፣ አሠሪ ቤት ብዙ ያሳለፈች ልጅ፣ ዓይኗን ጨፍና ዝም ስትል ያ የሸሸችው ሁሉ አንድ ላይ ሊመጣባት ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ዓይን ክፍት ይሁን እላለሁ። እግር መሬት ሲነካ የሚሰማውን እናስተውላለን፣ ክፍል ውስጥ ያሉ ነገሮችን በዓይን እንቆጥራለን፣ አጭር ጊዜ ብቻ፣ በሩም ክፍት። ከዚያ ካለፈ ወደ ባለሙያ። ሰው ራሱን ስለ ማጥፋት ካወራ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ለብዙ ቀን እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ምንጣፍ የእሱ ቦታ አይደለም፤ ሳይካትሪስት ጋር እንሄዳለን። አብሬ ሄጄ ካርድ ያወጣሁበት ጊዜ አለ። አማኑኤል ሆስፒታል ሲባል ሰው ይደነግጣል። እኔ አንዳንዱን ቀለል አድርጌ እነግረዋለሁ፣ «እኔም የሚያማክረኝ ባለሙያ አለ» እያልኩ። እውነት ነው፣ አለ። ይሄም ምሳሌ መሆን ነው፤ እርዳታ የሚፈልግ ሰው ደካማ እንዳልሆነ የሚያየው፣ የሚረዳው ሰው ራሱ እርዳታ ሲቀበል ነው።

በቅርቡ ሁለት ወጣቶች ሜዲቴሽን ማስተማር እንፈልጋለን ብለው መጡ። ጎበዞች ናቸው፣ አንደኛዋ ነርስ ናት፣ ሌላው ስፖርት አስተማሪ። ሰርተፍኬት ስለሚሰጥበት ቦታ፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ቪዲዮ ጠየቁኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ከዚያ የእኔን ጥያቄ አመጣሁ። የእኛ ቤት ደንብ ቀላል ነው። የሚያስተምር ሰው ጠዋት ከሌሎቹ አስተማሪዎች ጋር ይቀመጣል። ትምህርት ሲመራም ሰዎቹ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እሱ ስልክ አይነካም፣ መዝገብ አያስተካክልም፣ እየዞረ አያይም፤ አብሯቸው ይቀመጣል፣ አንዴ አንዴ ብቻ ዓይኑን ከፍቶ ሁሉም ደህና መሆኑን ያያል። ያልተቀመጠበት ሳምንት ካለ በዚያ ሳምንት አያስተምርም፣ ሌላ ይተካዋል፣ ደመወዙ አይቆረጥም። ይሄን የመጨረሻውን ያስገባነው ማንም ለገንዘብ ብሎ «ተቀምጫለሁ» እንዳይል ነው።

ነርሷ «ለምን ያህል ጊዜ ከተቀመጥን በኋላ ነው ማስተማር የምንጀምረው?» አለች። ቢያንስ አንድ ዓመት አልኳት። ፊቷ ትንሽ ጠቆር አለ፣ ገባኝ፣ ኑሮ ውድ ነው፣ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ውስጥ ረዳት ሆነው እየሠሩ እንዲከፈላቸው ተስማማን፤ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ አዲስ ሰው መቀበል፣ ለጋሼ ወንበር ማቅረብ፣ ከትምህርቱ በኋላ ሻይ ማቅረብ። ሁለቱም ሰኞ ይጀምራሉ። ስፖርት አስተማሪው ጉልበቱን ስለሚያመው ወንበር አዘጋጅተንለታል።